እየተራመዳችሁ ጠይቁኝ

«መጀመሪያ ውጪ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ» አለኝ ወልዴ።

ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። መስቀል አደባባይ፣ ደረጃው ሥር ቆመናል። ከላያችን ሯጮቹ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ወልዴ ካዛንቺስ ሥጋ ቤት የነበረው ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ መዋሸት ግን አይችልም። ከኋላው የድሮ ሰፈሬ ሰዎች ተደርድረዋል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ነገሩ ገባኝ። ቢሆንም ወጣሁ።

በእኛ ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እኔን ግን በማለዳ ቤቴ የሚያገኘኝ የለም፤ በዚያ ሰዓት ደረጃው ላይ ነኝ። ስለዚህ መርዶውን ይዘው እዚያው መጡ። በኋላ እንደሰማሁት «ከታች ይነገራት ወይስ ከላይ?» ብለው ተከራክረው ነበር። ያሸነፈው ወልዴ ነው። «ከታች ከነገርናት ዛሬ አትወጣም፤ ካልወጣች ደግሞ እሳቸው ይቆጣሉ» ብሎ።

ጫፍ ላይ ስደርስ ሁሉም እያለከለኩ ተከትለውኝ ወጥተዋል። ወልዴ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት።

«ቲቸር ዐረፉ» አለኝ። «ትናንት ማታ።»

«ልባቸው ግን አይደለም» አለ ባለሱቁ ሸምሱ ከጎኑ ፈጠን ብሎ። «ሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ራሱ ተናግሯል። ልባቸው እስከ መጨረሻው ሥራውን አልለቀቀም።»

ዘመዱ በሐሰት የተከሰሰበት ሰው ይመስል ነበር። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ይህ ለምን ማጽናኛ እንደሚሆን የሚገባው ቲቸር ላቀውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ላስተዋውቃችሁ።

ቲቸር ላቀው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቂርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ በእሳቸው እጅ አልፏል፤ የቀረው ግማሽ በእሳቸው እጅ ወድቋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከግራጫ ኮታቸው ኪስ ጠመኔ የማይጠፋ። የአስፋልት ዳር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የሱቅ መዝጊያ፣ ሁሉም ሰሌዳቸው ነበር። መንገድ ሲሻገሩ የክፍል ጫጫታ እንደሚያስቆሙ መዳፋቸውን ብቻ ያነሳሉ፤ ሚኒባስ ሳይቀር ይቆማል። አንድ ነገር አስረድተው ሲጨርሱ ጠመኔ ባይነኩም እንኳ ጣቶቻቸውን ያራግፋሉ። ያ ማለት ትምህርቱ አልቋል፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ማለት ነው።

እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም። ያኔ ከወልዴ ሥጋ ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ቀን ወረቀት ሊያባዙ መጥተው አንዱን ገልብጠው አነበቡት።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ በአንድ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ነው የሚሰበረው?»

«ግጥም ነው፣ ቲቸር።»

«ልብ አይሰበርም። ልብ ጡንቻ ነው። ነይ።»

ወልዴ ጋ ይዘውኝ ገቡ። የበሬ ልብ አስወረዱና ለሁለት አሰነጠቁት። ጥብስ የሚበላው ሰው ሁሉ ጉርሻውን ትቶ ከበበን። ክፍሎቹን፣ በሮቹን፣ በሮቹን የሚይዙትን ነጫጭ ክሮች አንድ በአንድ በጣታቸው አሳዩኝና «በይ እንግዲህ፣ የሚሰበርበትን ቦታ አሳዪኝ» አሉኝ።

ወልዴ ቢላውን እየጠረገ «ቲቸር፣ ያኔ እንዲህ አድርገው ቢያሳዩኝ ኖሮ ባልወደቅሁ ነበር» አላቸው።

«አሳይቼህ ነበር። አንተ የጠየቅኸኝ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው።»

ሳምንት ሙሉ ተቀይሜያቸው ምንም አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ ግን በግጥሞቼ ውስጥ ልብ ተሰብሮ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ የተጎዳው ልብ የራሳቸው ሆነ። ከካዛንቺስ መናኸሪያ በታች እየወረዱ ሳለ ደረታቸውን ያዙ። ደግፎ ታክሲ ውስጥ ያስገባቸው ሸምሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። «ላብ በላብ ሆነው፣ እያቃሰቱ ያስተምሩኛል እኮ» ይላል። «‹ሸምሱ፣ አስተውል፤ ሕመሙ አሁን ወደ ግራ ክንዴ እየሄደ ነው፤ ይሄ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣ ነው› ይሉኛል። ኧረ ቲቸር፣ በአላህ ዝም ይበሉ ብላቸው ‹ጥያቄ ካለህ መጨረሻ ላይ› አሉኝ።»

ተረፉ። ደም ሳያገኝ የቆየው የልባቸው ጎን ግን ሞቷል። ከሆስፒታል ወጥተው፣ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ይህን ማስረዳት ሥራቸው ሆነ።

«ቆዳህ ቢቆረጥ ይሽራል። አጥንትህ ቢሰበር ይገጥማል። ልብ ግን የሞተበትን አይተካም። በቦታው ጠባሳ ያስቀምጣል። ጠባሳ ምን መሰለህ? ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የወጣ ሠራተኛ ነው። ስታየው ቦታው ተይዟል፤ ሥራ ግን የለም። የእሱን ድርሻ የሚሠሩት የቀሩት ናቸው፤ እነሱም ቀስ በቀስ ይደክማሉ።»

መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወዲያው ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰላምታ ተለወጠ።

«እንዴት አደሩ ቲቸር፣ ኮቱስ?»

«እንደተሰቀለ ነው።»

በዚያው ሰሞን ሶስና ደወለች። ሶስና የቂርቆስ ልጅ፣ የእሳቸው ተማሪ የነበረች፣ አሁን አውሮፓ ውስጥ የልብ ሴል የሚያጠና ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ናት። ቪዲዮውን የማገናኘው እኔ ስለነበርኩ ወሬያቸውን ሁሉ እሰማለሁ። ጤናቸውን ጠይቃ ሳትጨርስ እሳቸው ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ከስቴም ሴል የልብ ጡንቻ እንደሚያሳድጉ፣ ያደገውን እንደ ልብስ ጥጋኝ በተጎዳ ልብ ላይ ማኖር በሰው ላይ መሞከር እንደተጀመረ ነገረቻቸው። ቲቸር ከትራሳቸው ቀና አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን ጠያቂ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ።

«ስቴም ሴል ማለት ገና ፊልድ ያልመረጠ ተማሪ ነው። ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ ሥጋ ቆራጭም ሊሆን ይችላል። የልብ ሴል ግን የተመረቀ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ አይሆንም፣ ራሱንም አያባዛም። እነሶስና የሚያደርጉት ያልመረጠውን ወስደው የልብን ትምህርት ማስተማር ነው። ሲመረቅ ኮቱ የተሰቀለበት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል።»

«እና እነዚህ ያልመረጡት የሚገኙት የት ነው?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ።

«ብዙ ቦታ። ለምሳሌ መቅኔ ውስጥ አሉ። ቀደም ሲል ከሰው መቅኔ እየወሰዱ ልብ ላይ ሞክረው ነበር፤ ውጤቱ ግን እምብዛም...»

«መቅኔ» ካሉ በኋላ ያወሩትን ማንም አልሰማም።

በማግስቱ ወልዴ ለደንበኞቹ የማይሸጠውን የጭን አጥንት ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ የግቢው ቤቶች በሙሉ በየተራ የአጥንት ቅቅል በድስት፣ በሳህን፣ በፔርሙስ ማምጣት ጀመሩ፤ ላዩ ላይ ጮማው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ሸምሱ የእሱ ቤት ሥጋ ለእነሱ እንደማይሆን ስለሚያውቅ እናቱ ከስልጤ የላከችለትን ቡላ በቅቤ አስገንፍቶ አመጣ። «አጥንት የሚጠግነው ይሄ ነው፤ መቅኔ ራሱ የሚሠራው ከዚህ ነው» አለ። ሐኪሙ ደግሞ ጮማና ቅቤ በዓይናቸው እንዳያዩ አስጠንቅቆ ነበር።

«ወልዴ» አሉ ቲቸር፣ «መቅኔ ሲበላ ወደ ልብ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ያንተ ልብ እስካሁን ከደረትህ ወርዶ በእግሩ ይሄድ ነበር።»

«ቲቸር፣ ያኔ ያልገባኝ ዛሬ ሊገባኝ ነው? ይልቅ ሳይበርድ ይጠጡልኝ።»

ጠያቂ ያመጣውን መመለስ አይቻልም። በማንኪያ ከንፈራቸውን ያስነኩና ያመሰግናሉ፤ ሰው ሲወጣ እትዬ አስካለ በጓሮ ይዘውት ይሄዳሉ። በዚያ ወር መቅኔ ያለመለመው ፍጡር ቢኖር የግቢው ውሻ ብቻ ነው።

ከቅቅሉ የባሰው ግን ጥየቃው ራሱ ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ፣ መንገዱንም ጥቂት በጥቂት እንዲያስረዝሙ አዟቸዋል። ታዲያ እንዴት ይውጡ? ጫማቸውን ሲያጠልቁ ጠያቂ ይገባል። ጠያቂ አስቀምጦ መውጣት ነውር ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥና «አይነሱ፣ አይነሱ፣ ይረፉ እንጂ» ይላቸዋል። ፍቅራችን አልጋ ላይ ሊያስቀራቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የግቢው ቆርቆሮ በር ላይ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈታቸው እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «የታመመ ለመጠየቅ የመጣ ሰው የጫማውን ክር አጥብቆ ይሰር። እየተራመዳችሁ ጠይቁኝ።»

ሰፈሩ ተቀየመ። እትዬ አስካለ ሊያጠፉት ጨርቅ አርጥበው ወጡ።

«ሰው ምን ይለናል፣ ላቀው? እንግዳ ከበር ይመለሳል?»

«አይመለስም፤ አብሮኝ ይወጣል።»

በማግስቱ በማለዳ ከበራቸው የተገኘነው ጥቂቶች ነበርን። በሳምንቱ ግን በረከትን። ጋቢ የደረበ፣ ነጠላ ያጣፋ፣ ፔርሙሱን ያልተወ፣ ወልዴ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሸምሱ ሱብሂ ሰግዶ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ መሃል ላይ ቲቸር። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል። መጀመሪያ ሰሞን እስከ አስፋልቱ ጫፍ ብቻ ነበር፤ እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጠናቸው እንመለሳለን። እየቆየ መንገዱ ረዘመ። አንዲት መንገደኛ ሴት አጀባችንን አይታ መስቀል አማተበችና «የማን ንግሥ ነው ዛሬ?» ብላ ጠየቀችን።

«የቲቸር ላቀው» አላት ወልዴ።

የእኔ ሥራ ግጥም ነበር። ሐኪሙ «እየተራመዱ ማውራት ካቃትዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ» ብሏቸዋል። እናም እኔ አንድ መስመር እላለሁ፣ እሳቸው እየሄዱ ይደግሙታል። በአንድ ትንፋሽ ከዘለቁት እንቀጥላለን፤ መሃሉ ላይ ከተቋረጠ እንቆማለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሦስት ቃል በላይ አይዘልቁም ነበር። ስለዚህ የሦስት ቃል መስመሮች ጻፍኩላቸው። ሲበረቱ አስረዘምኩት። ለዳገቱ አጭር፣ ለሜዳው ረጅም። ደረቴን ነፍቼ «ገጣሚ ነኝ» እል የነበርኩት ሰው የቃልን ክብደት የተማርኩት ያኔ ነው፤ አንድ ቃል ሲበዛ ሽማግሌ ሰው ፊቴ ላይ ያለከልካል።

«መስመርሽ ረዘመ» ይሉኛል ቆም ብለው። «ልትገድዪኝ ነው?»

«ትናንት ከዚህ የረዘመ ብለዋል።»

«ትናንት ሜዳ ላይ ነበርን። ለዳገት የሚሆን ነው የምልሽ።»

ደረጃው ሥር የደረስንበትን ቀን አልረሳም። ወደ ላይ እያዩ፣ አንድ እግራቸውን የመጀመሪያው እርከን ላይ አድርገው፣ ያን ማለዳ የሰጠኋቸውን ሁለት ስንኝ ሳያቋርጡ ዘለቁት፦

ደረጃው ላይ ጫማችን፣ ጎህ ሳይቀድ ሲያንኳኳ፣
ተኝቶ የከረመው አገር፣ በእኛ ነው የነቃው ለካ።

አጨበጨብን። እሳቸው ጣቶቻቸውን አራገፉ። ከዚያ ጠመኔያቸውን አወጡና ደረጃው ላይ ልብ ሠርተው የሞተውን ጎን በጠመኔ ይሞሉት ጀመር። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ እዚህ መጻፍ ክልክል ነው።»

«ጽሑፍ አይደለም፤ ልብ ነው።»

«ልብም ክልክል ነው።»

ቲቸር አልተከራከሩም። «እሺ፣ አጠፋዋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ግን ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት። ጥበቃው ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንመጣ ከሩቅ መዳፉን አንስቶ «ኮቱስ?» ይላቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቲቸር ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ነበር። ሶስና የነገረቻቸው ዓይነት ሙከራ ውስጥ መግባት። ሶስና አልደበቀቻቸውም። እንደሚሠራ ገና አልተረጋገጠም፤ አዲሶቹ ሴሎች ከነባሩ ልብ ጋር አብረው መምታት እስኪለምዱ ምቱን ሊያዛቡት ይችላሉ፤ ሰውነት እንዳይጥላቸውም ከባድ መድኃኒት ይሰጣል። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ «በሕይወት ያለህ ሰው ምን አስጨነቀህ?» ብለው አለቀሱ። እኔም ጠየቅኋቸው።

«ሙሉ ዕድሜዬን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ‹የልብ ጡንቻ ከሞተ አይተካም› ብዬ ጽፌያለሁ» አሉኝ። «ስንቱን ልጅ በዚህ ጥያቄ ጥያለሁ። አሁን ምናልባት ሊጠፋ ነው። የጻፍኩትን ራሴ ባጠፋው፣ ደግሞ በራሴ ደረት፣ ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?»

ሙከራው የሚቀበለው መድኃኒት ወስዶም ልቡ ከተወሰነ መጠን በታች ደም የሚረጭ ሰው ነው። የልብ አልትራሳውንድ ተነሱ፤ ውጤቱ ተላከ። ሶስና የደወለች ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ አቆምኩላቸው። ለዚሁ ብለው ተላጭተዋል።

«ቲቸር፣ አይቀበሉዎትም» አለች።

እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔውን ሲያሽ ይታየኛል።

«ዕድሜዬ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ልብዎ ተሽሎታል። እነሱ ከሚፈልጉት በላይ ይረጫል። ጠባሳው እንዳለ ነው፤ የቀረው ግን በርትቷል። ማለቴ፣ ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ሲተያይ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ምንድን ነው ያደረጉት?»

እትዬ አስካለ እልል አሉ። ሸምሱ ፊቱን በሁለት እጁ አብሶ አልሐምዱሊላህ አለ። ቲቸር ብቻቸውን ፊታቸውን አጨፍግገው ተቀምጠዋል።

«ምን እልል ያሰኝሻል? ወድቀሃል እኮ ነው የምትለኝ።»

ወልዴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ይህን ቀን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሱሪውን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በታላቅ ትሕትና ጠየቃቸው።

«ቲቸር፣ አሁን ስሜቱ ገባዎት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ሳቃቸውን ለመያዝ ሞክረው አቃታቸው። ከሳቁ በኋላ ወደ ስልኩ ዘወር ብለው «ድጋሚ ፈተና የለውም?» አሉ።

«ድጋሚ ለመፈተን መታመም አለብዎ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አልራመድም።»

በማግስቱ ሁላችንም የጫማችንን ክር አጥብቀን በራቸው ላይ ቆምን። ኩርፊያቸው እስከ መናኸሪያው ብቻ ዘለቀ። እዚያ ሲደርሱ «ምን ትጠብቂያለሽ? መስመር ስጪኝ እንጂ» አሉኝ።

በዓመቱ ሶስና ለፋሲካ አገር ቤት መጣች። ልትጠይቃቸው ስትመጣ እሷንም እያራመዱ አናገሯት። እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ነው ነገሩን ያነሳችው። የሚሠሩበት የልብ ሴል አብዛኛው ከአውሮፓ ሰዎች የተገኘ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሞከረው በእነዚያ ሴሎች ላይ ነው። ከዚህ አገር ሰው የተወሰደ የላቸውም።

«የኛ ሰፈር ልጅ ክፍሉ ውስጥ የለም ማለት ነው?»

«የለም፣ ቲቸር።»

ፈቃዳቸው ከሆነ ደም እንዲሰጡ ትፈልጋለች። ከደሙ ሴል ይወጣል፣ የተማረውን ሁሉ እንዲረሳ ተደርጎ ፊልድ ያልመረጠ ተማሪ ይሆናል፣ ከዚያ ልብነትን ይማራል። ሲሳካለት ሳህን ላይ በራሱ ይመታል። ቲቸር መንገዱ መሃል ቆመው አዳመጧት። ፈታኞቹ በበር ሲያስወጧቸው ትምህርቱ በመስኮት መጣላቸው።

ፈቃዱ ብዙ ወራት ፈጀ። ደም የሚሰጡበት ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ነርሷ እጅጌያቸውን እንዲሰበስቡ ስትጠይቃቸው ኮታቸውን አወለቁና አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ሰቀሉት። አዩት። አየነው።

«ኮቴ ወንበር ላይ ነው» አሉ ክንዳቸውን እየዘረጉ። «እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ።»

ነርሷ ምን እንዳሳቀን እስከ መጨረሻው አልገባትም።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። የወልዴ ሥጋ ቤት፣ የሸምሱ ሱቅ፣ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ያ በጠመኔ የተጻፈበት ቆርቆሮ በር ሳይቀር ተነሳ። አንዳችን ወደዚህ፣ ሌላችን ወደዚያ ተበተንን፤ ቲቸርና እትዬ አስካለ ገላን ደረሳቸው። የስንብት ቀን ሰው ሁሉ ሲላቀስ ቲቸር መዳፋቸውን አነሱ፤ ጸጥ አልን። «ጥየቃው አልተቋረጠም» አሉ። «ሰፈሩ ነው የፈረሰው፤ ደረጃው አለ።»

እውነታቸውን ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ማለዳ ከየአቅጣጫው በመጀመሪያው አውቶብስ ተሳፍረን እንመጣለን። እሳቸው ከገላን አዳዲስ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ይወርዳሉ። ለእኔ ግን እሑድ አልበቃኝም፤ በየቀኑ መውጣት ለመድኩ።

በየእሑዱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሶስናን ያስደውሉኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ቲቸር። በደንብ እያደጉ ነው። ገና መምታት ግን አልጀመሩም።»

«ታገሻቸው» ይሏታል ወልዴን እያዩ። «የሰፈራችን ልጅ ቶሎ አይገባውም።»

የፈለጉት አንድ ጊዜ ሲመቱ ማየት ነበር። «አይቼ እሞታለሁ» አይሉም፤ እንደዚያ ዓይነት ወሬ አይወዱም። «አይቼ አስተምርባቸዋለሁ» ነበር የሚሉት። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ብርዱ ሳንባቸው ላይ ወረደ። የቀረውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

በሰልስቱ ገላን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ንፍሮ እየዞረ ነው፤ ወልዴና ሸምሱ አጠገቤ ናቸው። ለሶስና እስከዚያ ሰዓት አልተነገራትም ነበር። ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በምትኖርበት ከተማ በማለዳ ቤቷ የሚሄድ የአገር ሰው እየፈለግን ነበር። ስልኬ የተንጫረረው በዚህ መሃል ነው። የሶስና መልእክት። «ለቲቸር ቶሎ አሳዪያቸው። ልጆቹ ዛሬ ጠዋት ጀመሩ።» ከሥሩ ቪዲዮ።

ቪዲዮው ድምፅ የለውም። ክብ ሳህን፤ ውስጡ ውኃ የመሰለ ነገር፤ በላዩ የተበተኑ ብናኞች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ዳር ላይ አንዱ ይኮማተራል። ሌላው በራሱ ጊዜ። ሌላው በራሱ። ሁሉም የየራሱን ይመታል፤ እንደተበተነ ሰፈር። መሃል ላይ ግን የተነካኩት አሉ። እነሱ አንድ ላይ ነው የሚመቱት። እኩል፣ ሳይሳሳቱ፣ በማለዳ ደረጃ እንደሚወጣ ጫማ።

ስልኩን ለእትዬ አስካለ ወሰድኩላቸው። ምን እንደሆነ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ሸምሱ በትከሻቸው በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ሳያውቀው ሁለት ጣቱን የራሱ አንጓ ላይ አሳርፎ ያያል። ቀስ በቀስ ድንኳኑ በሙሉ ከበበን።

«የእሳቸው ናቸው?» አለ ወልዴ።

«ከእሳቸው ደም የወጡ።»

«አሁን፣ አሁን እየመቱ ነው?»

«አሁን።»

ወልዴ ትልቁን መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። «ገባቸው» አለ። «በመጨረሻ ገባቸው።» አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ወልዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መልሱን እንደሚፈራ ሰው ጠየቀኝ።

«እነዚህ የቲቸርን መሞት አያውቁም ማለት ነው?»

እትዬ አስካለ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ከሦስት ቀን ወዲህ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለሶስና ነገ በማለዳ ሰው ቤቷ ድረስ ይሂድላት» አሉ። ከዚያ በጣታቸው የስልኩን መስታወት፣ መሃል ላይ አብረው የሚመቱትን፣ ቀስ ብለው ዳበሱ። «ለነዚህ ግን ማንም እንዳይነግርብኝ።»